ሰውየው እየነደደ አይደለም

ይኸው ደግሞ ላኩልኝ። በቴሌግራም የሚዞር የድሮ የፋርስ ሥዕል ነው። አረንጓዴ ከለበሰ ወጣት ራስ ላይ ነበልባል ይወጣል፤ ቀይ የለበሰች ሴት ልትይዘው ትዘረጋለች። ከሥሩ «ዝሙተኛ በገሃነም ሲቃጠል» ይላል። የሥነ ጥበብ ታሪክ አስተምራለሁ። ይቺን ነገር ስንቴ እንዳረምኩ እኔው ነኝ የማውቀው።

ሰውየው ዩሱፍ ነው። ዮሴፍ! ከዝሙት የሸሸው! ቤህዛድ የተባለው ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1488 ሄራት (በዛሬዋ አፍጋኒስታን) ላይ ለፋርሳዊው ገጣሚ ለሰዓዲ የግጥም መጽሐፍ፣ ለ«ቡስታን»፣ ቅጂ ሳለው፤ ዛሬ ካይሮ ይገኛል። ሴትዮዋ የጲጥፋራ ሚስት ናት፣ ዙለይኻ የሚሏት። ሥዕሉን ከታች ጀምራችሁ በዓይናችሁ ውጡት። በር፣ ደረጃ፣ ደግሞ በር። ሁሉም ዝግ ነው። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ማንም በማያይበት ቦታ እየሸሸ ነው፤ ነበልባሉም የተሳለለት የአላህ ነቢይ ስለሆነ ነው። እኛ አገር ቅዱሳን ራስ ላይ ክብ አክሊለ ብርሃን አይሳልም? ያው ነው። የነበልባሉ ቅርጽ የመጣው ከምሥራቅ፣ ከቡድሃ ሥዕሎች ነው።

ገሃነም ማየት ካማራችሁ በ1436 ሄራት የተዘጋጀው፣ አሁን ፓሪስ ያለው፣ የነቢዩ ሙሐመድን የሰማይ ጉዞ የሚተርከው «ሚዕራጅናማ» አለላችሁ። እዚያ ሁለቱም እሳቶች አሉ። ነቢዩ ሙሐመድ ቡራቅ በተባለችው ተአምረኛ እንስሳ ሲጓዙ ወርቃማው ነበልባል ከራሳቸው ይነሣል። ኃጢአተኞቹን ግን እሳቱ ከውጭ ነው የሚከባቸው። ስለዚህ ከመፍረዳችሁ በፊት እሳቱ ከየት እንደሚነሣ እዩ። ኢብራሂም ንጉሥ ናምሩድ ባነደደው እሳት መሐል ሲቀመጥ እሳቱ የምር እሳት ነው፤ እሱንም ቢሆን አላቃጠለውም።

«የነቢዩ ፊት ሁሌም ተሸፍኖ ነው የሚሳለው» ይላሉ። ሁሌም አይደለም። በ1436ቱ መጽሐፍ አልተሸፈነም። መሸፈኑ የተለመደው ከ1500 ገደማ ወዲህ፣ ፋርስን በገዙት በሳፋቪዶች ዘመን ነው። መሳሉ ይፈቀዳል ወይ የሚለውን ዑለማዎችን ጠይቁ፤ እኔ የምናገረው ወረቀቱ ላይ ስላለው ነው።

«የቁርኣን ሥዕሎች ናቸው።» አይደሉም፤ የታሪክና የግጥም መጻሕፍት ውስጥ ነው ያሉት።

«ሚኒያቸር ማለት ትንሽ ማለት ነው።» አይደለም፤ እነዚህ የመጽሐፍ ሥዕሎች የሚጠሩበት ይህ ቃል የተወለደው ከቀይ ቀለም የላቲን ስም ነው።

«ደሞ እኛን ምን አገባን?» የታሪክ ጸሐፊው ራሺድ አል-ዲን በኢራኗ ታብሪዝ ባዘጋጀው፣ ዛሬ ኤድንብራ በሚገኘው የ14ኛው ክፍለ ዘመን የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ የእኛው ነጃሺ አለ። ሙስሊም ስደተኞቹን ለመካ መልእክተኞች አሳልፌ አልሰጥም ሲል ተስሏል። እሱም ቴሌግራም ላይ ሲወጣ ከሥሩ ምን እንደሚጻፍበት እፈራለሁ።