እሹሩሩና አንቀልባ፦ የልጅ እንቅልፍ በእኛ ቤት

እሹሩሩ ልጅን አዝሎ ወይም ታቅፎ፣ እየወዘወዙና መቀመጫውን ቸብ ቸብ እያደረጉ በዜማ የማስተኛት ልማድ ነው። አማርኛ በሚነገርበት ቤት ይህን ሳይሰማ ያደገ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። ዜማው አጭር ነው፣ ይደጋገማል። ግጥሙ የማሙሽን እናት ቶሎ ነይ እያለ ይጠራል፤ ዳቦና ወተት ይዛ እንድትመጣ። አዚያሚዋ ብዙ ጊዜ ማን እንደሆነች ከዚሁ ይገባናል፤ እናት ገበያ ስትወርድ ልጁን የያዘችው አያት፣ ታላቅ እህት ወይም ሞግዚት ናት።

አንቀልባ ከለፋ ቆዳ የሚሠራ ማዘያ ነው፤ በዛጎልና በጨሌ ያጌጠም አለ። ከተማ ውስጥ ቦታውን ነጠላ፣ ጋቢና ከሱቅ የሚገዛ ማዘያ ወስደውበታል። አስተዛዘሉ ግን ያው ነው። እናት ጎንበስ ትልና ልጁን በጎኗ አዙራ ጀርባዋ ላይ ታደርገዋለች፣ ጨርቁን ከላይ ጣል አድርጋ ጫፍና ጫፉን ደረቷ ላይ ጠበቅ አድርጋ ትቋጥራለች። ቀና ስትል የልጁ እግሮች ወገቧን ግራና ቀኝ አቅፈዋል፣ ጉንጩ ጀርባዋ ላይ ተለጥፏል። እንዲህ እግር ተከፍቶ መታዘል ለዳሌ መገጣጠሚያ እድገት ይስማማል። እግርን ገጥሞና ቀጥ አድርጎ መጠፈር ግን ለዳሌ ውልቃት ያጋልጣል፣ ስለዚህ ስትጠቀልሉት እግሩን ላላ አድርጉለት። ሌላው ነገር ፊቱ ነው፤ ለብርድ ተብሎ ጋቢ አናቱ ላይ ሲደረብ አፍንጫና አፉ መታፈን የለበትም።

እናቶቻችን በልማድ የያዙትን ሳይንስ ዘግይቶ ደርሶበታል ብል ማጋነን አይሆንም። በ1986 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሞንትሪያል ላይ ሐንዚከርና ባር ያሳተሙት ጥናት አለ። ወላጆች ልጁ ሲያለቅስ ብቻ ሳይሆን ዝም ባለበትም ሰዓት ተጨማሪ እንዲያቅፉት ተደረገ። በ6ኛው ሳምንት የእነዚህ ልጆች ለቅሶና መነጫነጭ ከሌሎቹ በ43 በመቶ ያነሰ ነበር። በ2022 ደግሞ የጃፓኑ የምርምር ተቋም የሪከን ተመራማሪዎች የሚያለቅስን ሕፃን ታቅፎ 5 ደቂቃ መራመድ ብዙዎቹን እንደሚያስተኛ፣ ከተኙ በኋላም አልጋ ላይ ከማስቀመጥ በፊት ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ታቅፎ መቀመጥ እንደሚሻል ጻፉ። አያቶች «ቆይ፣ እንቅልፉ ይጽናለት፣ አታውርጂው» የሚሉት ይህንኑ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያኮራው ግን የካንጋሮ እንክብካቤ ነው። ክብደቱ አነስ ብሎ የተወለደን ሕፃን ራቁት ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ አድርጎ ማቆየት ማለት ነው። በ1978 ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ ተጀመረ። ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው አዲስ አበባ ውስጥ አጥንተው በ2005 ባሳተሙት ሥራ፣ ወዲያው እንዲህ ከታቀፉት ሕፃናት 22.5 በመቶ ሲሞቱ በተለመደው መንገድ ከተያዙት 38 በመቶ ሞተዋል። በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተካሄደው ትልቁ ጥናት ወዲያው መታቀፍ ሞትን በ25 በመቶ እንደሚቀንስ ያረጋገጠው በ2021 ነው። የእኛዎቹ 16 ዓመት ቀድመዋል።

ልጅ ቀንና ሌሊት በድምሩ ስንት ሰዓት ይተኛ የሚለውን የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 አስቀምጦታል። እስከ 3 ወር ከ14 እስከ 17 ሰዓት፤ ከ4 እስከ 11 ወር ከ12 እስከ 16፤ በ1 እና በ2 ዓመት ከ11 እስከ 14፤ በ3 እና በ4 ዓመት ከ10 እስከ 13፤ የቀኑ እንቅልፍ ተደምሮ ነው። ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስልክና ቴሌቪዥን አይመከርም።

ሕፃን በጀርባው መተኛት አለበት፤ ይህ አያከራክርም። አሜሪካ በ1994 ዘመቻውን ከጀመረች ወዲህ ድንገተኛ የሕፃናት ሞት በግማሽ ያህል ቀንሷል። ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ለስላሳ ፍራሽ አያስፈልጉም። ከእናት ጋር አንድ አልጋ ማደሩ ግን ያከራክራል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ቢያንስ እስከ 6 ወር በአንድ ክፍል፣ በተለያየ መኝታ ይላል። እኛ ዘንድ ደግሞ ብዙ እናት ሌላ አልጋም ሌላ ክፍልም የላትም፣ ሌሊት ጡት ማጥባቱም በዚያው ይቀላል፣ ስለዚህ ማስፈራራቱ ብቻ የሚጠቅም አይመስለኝም። አብረው ካደሩም ወላጅ ጠጥቶ ወይም የሚያስተኛ መድኃኒት ወስዶ ከሆነ፣ የሚያጨስ ከሆነ፣ ልጁ ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነ ወይም መኝታው ሶፋ ከሆነ አደጋው በጣም ይጨምራል።

ወባ ባለበት ቆላ አጎበሩ ከነጠርዙ ፍራሹ ሥር መግባት አለበት፤ ቀዳዳ ካለውም ይሰፋ። በደጋው ብርድ የሚያስፈራው ከሰል ነው። በር ተዘግቶ ሲያድር የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ የተኛውንም አይቀሰቅስም። ፍም የሆነ፣ ጭሱ ያለቀ ከሰልም ቢሆን ልጅ ከሚያድርበት ክፍል ይውጣ።