«ማኅበራዊ ችግር» የሚባለው የትኛው ነው?

ጥያቄው ስለተደጋገመ ልመልስ። አራት ኪሎ አንድ ሰው የቤት ኪራይ ቢያቅተው የግሉ ችግር ነው። ሰፈሩ በሙሉ ሲያቅተው ግን ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ብዛት ብቻውን አይበቃም፤ ሰዎች «ይሄ ልክ አይደለም፣ ሊስተካከልም ይችላል» ማለት አለባቸው። የሚያደናግረው እዚህ ጋ ነው። ልመናን አንዱ የሥራ እጦት፣ ሌላው የደንብ ጥሰት ይለዋል። የሰጠነው ስም መፍትሔውን ይጎትታል፤ ወይ ሥራ፣ ወይ ደንብ አስከባሪ!

ለእንዲህ ያለ ችግር የወጣ ፖሊሲ ሲመዘን ደግሞ ጥያቄው አራት ነው፦ ማን ያገኛል? ምን? በማን በኩል? ከማን ኪስ? የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔትን፣ ማለትም ለከተማ ድሆች የተዘረጋውን የመንግሥት ድጋፍ ፕሮግራም፣ ውሰዱ። መሥራት የሚችል የአካባቢ ሥራ ሠርቶ ይከፈለዋል፤ የማይችል ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ጥያቄዎቹ ያው ናቸው። የክፍያው መጠንና የመምረጫ መስፈርቱ ግን ይለዋወጣል፤ እሱን ወረዳ ጠይቁ።