የሚንከባለል ድንጋይ አረንጓዴ አይለብስም

እርጥበት ባለበት ቦታ ለዓመታት ሳይነካ የተቀመጠ ድንጋይ ላዩን ለስላሳ አረንጓዴ ይለብሳል። የእንግሊዞቹ አባባል የተነሳው ከዚህ ነው። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ጆን ሄይውድ እ.ኤ.አ. በ1546 ባሳተመው የምሳሌያዊ አነጋገሮች ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

የጥንቱ ትርጉም ተግሣጽ ነው። አንድ ቦታ የማይረጋ ሰው ጥሪት አይቋጥርም፣ ወዳጅም አያፈራም ማለት ነው። በኋላ ግን ብዙዎች ገለበጡት፦ የሚንቀሳቀስ ሰው አይዝግም! ዛሬ በሁለቱም መንገድ ይነገራል። ተናጋሪው እየወቀሰ ይሁን እያደነቀ ከሁኔታው መረዳት ነው።

ብሉዝ የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ የሚዘፍነው ማዲ ዋተርስ በአሜሪካ ከሚሲሲፒ የጥጥ እርሻ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1943 ቺካጎ ገባ። በ1950 «ሮሊን ስቶን»፣ ማለትም የሚንከባለል ድንጋይ፣ የተሰኘ ዘፈን ቀረጸ። ዘፈኑ በሸክላ ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ ደረሰ።

በጥቅምት 1961 በኋላ የሮሊንግ ስቶንስ ባንድ አባላት የሆኑት ሚክ ጃገርና ኪት ሪቻርድስ እዚያው እንግሊዝ፣ በዳርትፎርድ ባቡር ጣቢያ ተገናኙ። በልጅነታቸው አንድ ትምህርት ቤት ተምረዋል። ሚክ የቸክ ቤሪንና የማዲ ዋተርስን ሸክላዎች ይዞ ነበር። ወሬው በዚያ ተጀመረ። ቀጥሎ ከጊታሪስቱ ብራያን ጆንስና ከፒያኒስቱ ኢያን ስቱዋርት ጋር ገጠሙ። ኪት እንደሚያወራው፣ ብራያን ለጋዜጣ ማስታወቂያ ስልክ ደውሎ «የባንዱ ስም ማን ነው?» ሲሉት ወለል ላይ የማዲ ሸክላ ተዘርግቶ ነበር። ዐይኑ ያረፈበትን ዘፈን ስም ሰጠ። ሐምሌ 12 ቀን 1962 ለንደን በሚገኘው ማርኪ ክለብ በዚያው ስም ተጫወቱ።

እኔ የሚገርመኝ አባባሉ ኑሯቸውም ላይ መድረሱ ነው። ብራያን፣ ሚክና ኪት በለንደኑ ቼልሲ ሰፈር ኤዲት ግሮቭ በሚባል መንገድ ላይ አንድ የቆሸሸ ቤት ተከራዩ። የ1962–63 ክረምት እንግሊዝን ያንቀጠቀጠ ብርድ ነበር፤ እነሱም ኪሳቸው ባዶ ነበር። ሄይውድ ቢያያቸው «አላልኳችሁም?» የሚላቸው ይመስለኛል። ሚክ ግን የለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ተማሪ ነበር። ከበሮ መቺው ቻርሊ ዋትስ የማስታወቂያ ዲዛይነር ነበር፤ በጥር 1963 ሲቀላቀላቸው ደሞዙን ለመልቀቅ አመንትቷል። ቤዝ ተጫዋቹ ቢል ዋይማንም ሥራ፣ ሚስትና ልጅ ነበረው። ወላጅ ለልጁ የሚመኘው ይህንኑ የረጋ ኑሮ ነው፤ እነሱ ግን ብሉዙን መረጡ። በ1963 ከሸክላ አሳታሚው ዴካ ጋር ተፈራረሙ፣ በሰኔ የመጀመሪያ ሸክላቸው ወጣ፣ ሚክም በዚያው ዓመት ትምህርቱን ተወ።