በሐር ጥብጣብ አበባ ስለ መጥለፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የትራስ ልብስ፣ የአልጋ ልብስና የጠረጴዛ ጨርቅ በክር የሚጠልፉ እጆች ብዙ ናቸው። በሐር ጥብጣብ አበባ መሥራት የምትጀምር ጠላፊ ግን አብዛኛውን ጊዜ የክሩን ሕግ ይዛ ስለምትገባ ጥብጣቡን እንደ ሰፊ ክር ትቆጥረዋለች፤ ከታች ከማነሣቸው አመለካከቶች ብዙዎቹ የሚመነጩት ከዚሁ ነው።

«ስፌት ካልጠበቀ አያምርም» የሚለው ለክር ጥልፍ ትክክል ነው፤ ለጥብጣብ ግን አበባውን ያጠፋዋል። ክር መስመር ይሠራል፤ ጥብጣብ ደግሞ በራሱ ስፋት የአበባውን ቅጠል ይሆናል። ቀላሉን የጥብጣብ ስፌት እንመልከት። መርፌው ከአበባው መሐል ወደ ላይ ይወጣል፤ ጥብጣቡ ሳይጠማዘዝ ጨርቁ ላይ ይዘረጋል፤ ቅጠሉ እንዲያልቅ በተፈለገበት ቦታ መርፌው ጥብጣቡን ራሱን ወግቶ ወደ ጨርቁ ጀርባ ይወርዳል። በቀስታ ሲሳብ ሁለቱ ጠርዞች ጫፉ ላይ ወደ ውስጥ መጠቅለል ይጀምራሉ፤ እጅ መቆም ያለበት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ትንሽ እንኳ ቢሳብ ጥቅሉ በቀዳዳው ገብቶ ይጠፋል፣ የሚቀረውም ቀጭን ገመድ ብቻ ነው። በሌላው እጅ አንድ ወፍራም መርፌ ከጥብጣቡ ሥር አስገብቶ መሳብ ቅጠሉ ከጨርቁ ከፍ ብሎ እንዲቀር ስለሚያደርግ፣ ለጀማሪ ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ይህ ይመስለኛል።

ጨርቁ እንዳይጎዳ ብሎ ቀጭን መርፌ መምረጥም ጉዳት አለው። መርፌው ለጥብጣቡ በቂ ቀዳዳ ካልከፈተለት፣ ሐሩ በጠባቡ ቀዳዳ ባለፈ ቁጥር ጠርዙ ይተለተላል። ለዚህ ሥራ የሚስማማው ሼኒል የሚባለው፣ ዓይኑ ረጅም፣ ጫፉ ስለታም መርፌ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ ይጨምራል። ለ4 ሚሊ ሜትር ጥብጣብ 20 ወይም 22 ቁጥር፣ ለ7 ሚሊ ሜትር 18 ቁጥር ይበቃል። ጊዜ ለመቆጠብ ተብሎ ረጅም ጥብጣብ መቁረጥም ያው ነው፤ ከ30 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ሳያልቅ ይሻክራል።

ጽጌረዳ የረቀቀ ሙያ ይጠይቃል ብለው የሚተዉትም አሉ። የሸረሪት ድር ጽጌረዳ የሚባለው ግን ለጀማሪ ከሚመቹት አንዱ ነው። በመጀመሪያ ከመሐል ወደ ውጭ የሚዘረጉ 5 የክር መስመሮች ይሰፋሉ፤ ቁጥሩ ጎዶሎ መሆኑ ግድ ነው፣ ምክንያቱም ጥብጣቡ አንዱን ከላይ ሌላውን ከሥር እያለ ሲዞር በሚቀጥለው ዙር ተራው የሚለወጠው በዚህ ብቻ ነው። መስመሮቹ እስኪሸፈኑ ድረስ ላላ አድርጎ ማዞር ነው። እዚህ ላይ ጥብጣቡ ሲጠማዘዝ ማቃናት አያስፈልግም፤ ጥምዝምዙ ራሱ ጽጌረዳውን ሕያው ያስመስለዋል።

ከጨርቁ ጀርባ መቋጠርም አይመከርም፤ ቋጠሮው ከፊት ጉብ ብሎ ይታያል። ከጀርባ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል የጥብጣብ ጫፍ ትቶ በመጀመሪያው ስፌት ያንኑ ጫፍ መውጋት ይበቃል።

ለስጦታ ማሸጊያ የሚሸጠውን የሚያብረቀርቅ ሪባን በሐር ምትክ የሚገዙ ሰዎች ውጤቱ ሲከፋ እጃቸውን ይወቅሳሉ፤ ጥፋቱ ግን የሪባኑ ነው። እንዲህ ያለው ሪባን ብዙውን ጊዜ ደረቅ ስለሆነ በቀዳዳው ተሰብስቦ አያልፍም። በአንጻሩ እውነተኛ ሐር ካልተገኘ ሥራው አይሞከርም ማለትም ልክ አይደለም፤ በጣት ሲጨመቅ በቀላሉ የሚታጠፍ ስስና ለስላሳ ሪባን ለመለማመድ ይሆናል።

«የጥብጣብ ጥልፍ ውሃ አይነካውም» የሚባለው ደግሞ ከጥንቃቄ የመጣ ነው። ቀለሙ እንደማይለቅ በቁራጭ ጥብጣብ ላይ ከተሞከረ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና፣ ሳይታሽና ሳይጨመቅ መታጠብ ይችላል። በረኪና ግን ፈጽሞ መቅረብ የለበትም፤ ሐር እንደ ጠጉር ፕሮቲን ስለሆነ በረኪና ያሟሟዋል። ሲተኮስም አበባው በወፍራም ፎጣ ላይ ተደፍቶ፣ ካውያው በአበቦቹ ዙሪያ ያለውን ጨርቅ ብቻ ከጀርባ ይነካል።