የመርከብ ማቀዝቀዣ ውሃ መግቢያና የባሕር ተለጣፊዎች

የመርከብ ሞተር የሚቀዘቅዘው መርከቧ በተንሳፈፈችበት ውሃ ነው። ከሆዷ በታች ባለ ቀዳዳ የባሕር ውሃ ይሳባል፤ የሞተሩን ሙቀት ይወስዳል፤ ተመልሶ ይወጣል። ከውሃው ጋር ግን ነፍስ ያለው ነገርም ይገባል። እሱ አይወጣም። ቱቦው ውስጥ ይለጠፋል፣ ያድጋል፣ ይራባል። መንገዱን ሲዘጋው ሞተሩ ይፈላል። ይህ ዳሰሳ ያንን መዘጋት ለመከላከል ስለተሞከረውና ስለሚሠራው ነገር ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የውሃው መንገድ

በትልቅ መርከብ ላይ ውሃው መጀመሪያ የሚገባው ሲ ቼስት በሚባል ጎድጓዳ ክፍል ነው። አፉ በፍርግርግ ብረት ይሸፈናል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ዝቅ፣ ሌላው ከፍ ብሎ የተሠራ። መርከቧ ባሕር ላይ ስትሆን አየር እንዳትስብ ዝቅ ያለው ይከፈታል። ጥልቀት የሌለው ወደብ ስትገባ ጭቃና አሸዋ እንዳይገባ ወደ ላይኛው ይዞራል። ከዚያ ውሃው በቫልቭ፣ በወንፊትና በፓምፕ አልፎ ኩለር የሚባለው ማቀዝቀዣ ጋ ይደርሳል። በዘመናዊ መርከብ የባሕር ውሃ ሞተሩን በቀጥታ አይነካም። ኩለሩ ውስጥ ስስ የቲታኒየም ዝርጎች አሉ። በአንዱ ፊት የባሕር ውሃ፣ በሌላው ፊት ጨው የሌለው ውሃ ያልፋል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ይህ ሁለተኛው ነው።

ብዙ መርከቦች የሚነደፉት የባሕሩ ውሃ እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ከኩለሩ የሚወጣው ንጹሕ ውሃ ደግሞ 36 ዲግሪ ይሆናል ተብሎ ነው። ልዩነቱ 4 ዲግሪ ብቻ ነው። ቀዝቃዛ ባሕር ላይ ግማሹ የተዘጋ ወንፊት ሳይታወቅ ብዙ ሊቆይ ይችላል። በበጋው ሙቀት ቀይ ባሕር ወይም የፋርስ ባሕረ ሰላጤ ላይ ግን ወዲያው ጉዱ ይወጣል።

ማን ነው የሚዘጋው?

ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ጥንድ ቅርፊት ያለው ዛጎል ነው። ከሰውነቱ በሚያወጣው ጠንካራ ክር ራሱን ያስራል፤ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ ቱቦውን ያጠበዋል። ሁለተኛው ባርናክል ነው። ቅርፊቱን ያየ ሰው ቀንድ አውጣ ይመስለዋል እንጂ ዘመዶቹ ሸርጣንና ሽሪምፕ ናቸው። እጩ በጣም ትንሽ ስለሆነ የትኛውም ወንፊት አያግደውም። በመጨረሻው የእጭነት ደረጃ ላይ ምግብ የሚባል ነገር አይበላም፤ ሥራው ቦታ መምረጥ ብቻ ነው። ሲመርጥ ከራሱ በኩል ሙጫ አውጥቶ ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን አይነቃነቅም። ቢሞትም ቅርፊቱ እዚያው ይቀራል።

ለእነዚህ እንስሳት ከሲ ቼስት የተሻለ ቤት የለም። ጨለማ ነው፤ ኃይለኛ ጅረት አይመታቸውም፤ ፓምፑ ምግብና ኦክስጅን እየሳበ ያመጣላቸዋል። እጩ በፍጥነት በሚያልፍ ውሃ ውስጥ መያዝ ይቸግረዋል። ስለዚህ ችግሩ የሚጸናው በምትጓዝ መርከብ ላይ ሳይሆን መልህቅ ጥላ ተራ በምትጠብቅ መርከብ ላይ ነው።

ከመዳብ ልባስ እስከ ዴቪ

ጉዳዩ ከሞተር በፊት የነበረ ነው። በእንጨት መርከብ ዘመን ተለጣፊው መርከብ ያዘገያል፤ የእንጨት በላተኛ ትልም ደግሞ ሆዷን ይበሳል። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በ1761 አላርም የተባለችውን ባለ 32 መድፍ መርከብ ከሥር በስስ መዳብ አለበሳት። መርከቧ ወደ ካሪቢያን ሄዳ ተመለሰች። ሲያዩዋት መዳቡ ንጹሕ ነበር። መዳቡን የያዙት የብረት ምስማሮች ግን ተበልተው ነበር። አንዳንዶቹ ምስማሮች ብቻ ደኅና ሆነው ተገኙ። ምክንያቱ ቀላል ነበር፦ መዳቡ የተጠቀለለበት ቡናማ ወረቀት ሳይነሣ ቀርቶ በብረቱና በመዳቡ መካከል ገብቷል። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በጨው ውሃ ውስጥ ሲነካኩ አንዱ ሌላውን እንደሚያስበላ የዘመኑ ሰዎች በዓይናቸው አዩ። ኤሌክትሪኩን የሚያብራራ ሳይንስ ግን ገና አልነበረም። ቢሆንም በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ዓመታት፣ ከ1779 ጀምሮ፣ መላው የጦር መርከብ መዳብ እንዲለብስ ተደረገ። የብረቱን ምስማርም ቆይቶ በመዳብ ቅይጥ ተኩት።

ቀጥሎ የመጣው ታሪክ ለዚህ ሙያ ከሁሉ ይበልጣል። መዳቡ ራሱ እየተበላ ያልቅ ስለነበር ባሕር ኃይሉ መፍትሔ ፈለገ። ጥያቄው በማዕድን ቆፋሪዎች ፋኖስ ስሙ የገነነው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ ዘንድ ደረሰ። ዴቪ በ1824 መልሱን አቀረበ፦ በመዳቡ ላይ ቁራጭ ብረት ወይም ዚንክ ይታሰር፤ እሱ ይበላል፣ መዳቡ ይተርፋል። በሳይንሱ ልክ ነበር። መዳቡም ተረፈ። ነገር ግን መርከቦቹ አረምና ባርናክል ለብሰው ተመለሱ። ለካስ ተለጣፊውን የሚያባርረው መዳቡ ሳይሆን የመዳቡ መሟሟት ኖሯል! የማይበላ መዳብ ለባርናክል ከማንኛውም ድንጋይ አይለይም። ዴቪ በዚህ ብዙ ተዘልፏል። ይሁን እንጂ ዛሬ በየመርከቡ ሆድ ላይ የሚታሰረው የዚንክ ቁራጭ የእሱ ሐሳብ ነው። ተቺዎቹን ማን ያስታውሳል?

የብረት መርከብ ሲመጣ መዳብ ማልበስ ቀረ፤ መርዝ ያለበት ቀለም ተተካ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ትሪቡቲልቲን የተባለ የቆርቆሮ ውሕድ ገበያውን ያዘ። በጣም ይሠራ ነበር፤ ከልክ በላይ። የፈረንሳይን የአርካሾን የኦይስተር (የሚበላ ዛጎል) እርሻዎች አበላሽቶ፣ ፈረንሳይ በ1982 በትንንሽ ጀልባዎች ላይ አገደችው። ዓለም አቀፉ እገዳ ሥራ ላይ የዋለው በ2008 ነው።

ዛሬ ያሉት መላዎች

የመጀመሪያው በሲ ቼስቱ ወይም በወንፊቱ ውስጥ የመዳብ አኖድ (ኤሌክትሪክ የሚለቀቅበት የብረት ዘንግ) አስሮ ዝቅተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት መልቀቅ ነው። መዳቡ ሆን ተብሎ ቀስ እያለ ይሟሟል። መጠኑ በሊትር ወደ 2 ማይክሮግራም አካባቢ ነው። እጩን አይገድለውም ማለት ይቻላል፤ ቦታውን ያስጠላዋል እንጂ። ከጎኑ የቱቦውን ዝገት የሚቀንስ የአሉሚኒየም ወይም የብረት አኖድ ይታሰራል። አኖዱ መርከቧ ድራይ ዶክ (መርከብ ከውሃ ወጥታ የምትጠገንበት ቦታ) እስክትወጣ እንዲቆይ ተሰልቶ ይሠራል።

ሁለተኛው የባሕሩን ጨው በኤሌክትሪክ ሰንጥቆ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት መሥራት ነው። ቤት ውስጥ በረኪና የምንለው ማለት ነው። ለትልቅ መርከብ ይህኛው ይሻላል ባይ ነኝ። የአኖድ ሻጮች አይስማሙም። አንድ አደጋ ግን አለው፤ ለወራት ጠፍቶ የቆየ መሣሪያ በድንገት ሲበራ እስከዚያ ያደገው ዛጎል በጅምላ ይሞታል። ቅርፊቱም ተገንጥሎ ወንፊቱን በአንድ ቀን ይሞላዋል።

በድምፅ ሞገድ የሚያባርሩም አሉ። ማስታወቂያቸው ከውጤታቸው ይልቃል።

ወንፊቱን መክፈት

መሣሪያው ምንም ይሁን ምን ወንፊት የሚጸዳው በእጅ ነው። የካፒቴኑ ስም ይጠራል፤ መርከቧን የሚያስኬዳት ግን ታች ሆኖ ላቡን የሚያንጠባጥበው ነው። ከወንፊቱ በፊትና በኋላ ያለው የግፊት ልዩነት ከፍ ሲል ውሃው ወደ ተጠባባቂው ወንፊት ይዞራል። የቆሸሸው በሁለቱም በኩል ይዘጋል። ቀጥሎ የሚመጣው ነው ወሳኙ። ክዳኑ ከመፈታቱ በፊት ማስተንፈሻው ይከፈትና ይጠበቃል። ውሃው መምጣቱን ካላቆመ ቫልቩ አልያዘም ማለት ነው፤ ምናልባት መቀመጫው ላይ ባርናክል አድጎበታል። ያንን ሳያይ ብሎን የፈታ ሰው ባሕሩን ወደ ሞተር ክፍል ይጋብዛል። ደኅና ከሆነም ብሎኖቹ በመጀመሪያ ላላ ይደረጋሉ እንጂ አይወልቁም። ሲከፈት የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ቅርፊቱ በመፋቂያ ይላቀቃል። መልሶ ሲዘጋ አየሩ በደንብ ካልወጣ ፓምፑ ውሃ መሳብ ያቅተዋል።

ትንንሽ ጀልባዎች

ከኋላ የሚታሰር ሞተር መግቢያው እግሩ ላይ ያለ ትንሽ ፍርግርግ ነው። ምልክቱ ከጎኑ የምትፈልቀው ቀጭን ውሃ ናት። ከሳሳች ሞተሩን ማጥፋት ነው። ዝም ከተባለ መጀመሪያ የሚቃጠለው የፓምፑ የጎማ ክንፍ ነው። ጨዋታው ቀላል ነው፤ ከሥራ በኋላ እግሩን ከውሃ ማውጣት፣ ውስጡን ጨው በሌለው ውሃ ማጠብ።

ኢትዮጵያውያን በዚህ ሥራ

የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ በ1964 ተቋቋመ። ዛሬ አገሪቱ ወደብ ባይኖራትም መርከቦቿ ጅቡቲ ይገባሉ። ጅቡቲ ውሃው ሞቃት ነው፤ ሞቃት ውሃ ላይ ተለጣፊ ዓመቱን ሙሉ ይራባል። በባሕር ዳር ከተማ የሠለጠኑ የማሪን ኢንጂነሮችና የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች በውጭ ኩባንያዎች መርከቦች ላይም ይሠራሉ። ከባሕር ከፍታ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተምሮ ሲ ቼስት የሚጠብቅ ትውልድ መፍጠር ቀላል ነገር አይደለም። ባርናክል ጣና ላይ የለም። የጣና ጀልባ መግቢያ ችግሩ ከ2011 ጀምሮ ሐይቁን የወረረው እምቦጭ ነው። እሱን መዳብም በረኪናም አይመልሰውም፤ ሞተር አጥፍቶ በእጅ መንቀል ነው።

ቁጥጥሩ

በ1999 አውስትራሊያ ዳርዊን ውስጥ በጀልባ ተለጥፎ እንደመጣ የሚታመን ባዕድ ዛጎል ተገኝቶ የጀልባ ማቆሚያዎች ተዘጉ። ውሃው በኬሚካል ተመረዘ፤ የጀልባዎቹ የውስጥ ቱቦም ታከመ። ዛጎሉ ጠፋ። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ2011 ስለ ተለጣፊዎች መመሪያ አወጣ፤ በ2023 አሻሻለው። መመሪያው ሲ ቼስትን በተለይ ከሚጠበቁ ቦታዎች መድቦታል። አስገዳጅ አይደለም። ኒውዚላንድ ግን ከ2018 ጀምሮ መርከብ ንጹሕ ሆኖ እንዲመጣ ታስገድዳለች። የጽዳት መዝገብ የሌለው መርከብ እዚያ ብዙ ጥያቄ ይጠብቀዋል።