ዓሣ ማጥመድ በጅማ ዙሪያ፦ ውሃው፣ ማባበያውና የዓሣው አያያዝ

ጅማ አጠገቧ የተፈጥሮ ሐይቅ ባይኖራትም ዙሪያዋ የውሃ አገር ነው። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው አዌቱ ወንዝ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል፤ የቦዬም ውሃ ዞሮ ዞሮ ግልገል ጊቤ ወንዝ ይገባል። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በአሰንዳቦና በደነባ በኩል የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ያቆረው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተንጣሎ ይገኛል። በደቡብ ጎጀብ ጅማን ከካፋ ያዋስናል፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ ዴዴሳ ተነሥቶ ወደ ዓባይ ያመራል። ስለዚህ የጅማ አጥማጅ ሁለት ተፋሰስ አለው፦ ግልገል ጊቤና ጎጀብ በኦሞ በኩል ቱርካና ሐይቅ ሲገቡ የዴዴሳ ውሃ ከዓባይ ጋር ወደ ሱዳን ይወርዳል።

ከእነዚህ ሁሉ ለዓሣ ሥራ ዋናው የግድቡ ሐይቅ ነው። ግድቡ 184 ሜጋ ዋት ለሚያመነጨው ጣቢያ ተሠርቶ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ለዓሣ ተብሎ ባይገነባም የወንዙን ሸለቆ ወደ ረጋ ውሃ ስለለወጠው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ተመችቶት ተራብቶበታል። ከቆሮሶ ሌላ በሐይቁም በገባር ወንዞቹም የሚያዘው ነጭ ዓሣ (ባርበስ) ነው። አምባዛ (ካትፊሽ) በኦሞም ሆነ በዓባይ ተፋሰስ የሚገኝ፣ ጭቃማና ዝግ ያለ ውሃ የሚወድ ዓሣ ነው።

መጀመሪያ የውሃው ቀለም

በጅማ ዙሪያ የተሻለ መንጠቆና የተሻለ ዘንግ የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው፤ ዓሣ ይዞ የሚመለሰው ግን ውሃውን አይቶ የሚወስነው ነው። አካባቢው ዝናብ የሚበዛበት ስለሆነ ከሰኔ እስከ መስከረም ወንዞቹ ከእርሻ ማሳ የታጠበ ቀይ አፈር ተሸክመው ይወርዳሉ። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ በዓይኑ የሚያድን ዓሣ ማባበያውን አያየውም። በዚህ ጊዜ ሽታ ያለው ማባበያ፣ ማለትም ትል፣ ጉበት ወይም የዶሮ አንጀት፣ ከሚያብለጨልጭ ብረት ይልቃል፤ የሚፈለገውም ዓሣ በሪዙ ዳሶ የሚበላው አምባዛ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ውሃው ሲጠራ ነገሩ ይገለበጣል። ዓሣው አጥማጁንም ያየዋል፤ ቀጭን ክር፣ ትንሽ መንጠቆና ከዳር ራቅ ብሎ መቆም ያስፈልጋል።

ክረምት ሳይገባ መታወቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ። ነጭ ዓሣ ዝናቡ ሲጠነክር ከሐይቁ ወጥቶ ጠጠር ወደ ያዙ ገባር ወንዞች ዕንቁላሉን ለመጣል ይወጣል። በወንዙ አፍ ላይ ሲሰበሰብ መያዝ ቀላል ይመስላል፤ ዘሩን የሚያጠፋውም ይኸው ነው። በጣና ሐይቅ የቅርብ ዘመዶቹን በመራቢያቸው ወቅት በመረብ መጥረግ ክፉኛ እንዳመናመናቸው በጥናት ተረጋግጧል። በዝግታ የሚያድግ ዓሣ ስለሆነ አንዴ ከሳሳ ቶሎ አይተካም። በክረምት የወንዝ አፍን መተው ለጅማ አጥማጅ የራሱን ከብት እንደ መጠበቅ ነው።

የቡናውም ወቅት በውሃው ላይ ይታያል። ከመስከረም ማገባደጃ አንስቶ እሸት ቡና ሲለቀም የመፈልፈያና የማጠቢያ ጣቢያዎች ፍሳሽ ካልተገታ ወደ ጅረቶች ይገባል። ፍሳሹ ስኳር የበዛበት ስለሆነ ባክቴሪያዎች እሱን ሲያበሰብሱ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ያውም ዝናቡ አቁሞ ወንዙ በሚያንስበት ሰዓት። ውሃው ጠቁሮ የሚሸት ከሆነ፣ ዓሣው በጠዋት ወደ ላይ ወጥቶ አየር የሚጎርስ ከሆነ፣ እዚያ ቦታ ላይ ማጥመድ ከንቱ ድካም ነው። ከጣቢያው በላይ ወዳለው የወንዙ ክፍል መሄድ ይሻላል። አምባዛ ብቻ አየር ከላይ መተንፈስ ስለሚችል ሌላው በማይኖርበት ውሃ ይኖራል።

ስለ ብርብራ ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። ብርብራ በጅማ የቡና መሬት የታወቀ የጥላ ዛፍ ነው፤ ጥላውም ለቡናው በጎ ነው። ፍሬው ግን ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ይሰክርና ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። በዘሩ ውስጥ ያለው ሮቴኖን በስንጥቡ በኩል ይገባና የሰውነቱ ሕዋሳት ኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያግዳል። ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ዘዴ ቢሆንም የሚበላውንና የማይበላውን፣ ትልቁን ዓሣና ጫጩቱን፣ ለዓሣው ምግብ የሚሆኑትን የውሃ ነፍሳት ሳይቀር አንድ ላይ ይፈጃል። የዓሣ ሀብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 315/1995 በሥራ ላይ ባለበት አገር መርዝ ውሃ ውስጥ መጨመር ወግ ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ለየትኛው ዓሣ ምን

ቆሮሶ በብዛት የሚበላው በውሃ ላይ የሚበቅለውን ጥቃቅን አረንጓዴ ነገር ነው። አፉ ትንሽ ነው፤ ማባበያውን ጎርሶ አይሮጥም፣ ይቀምሰዋል። ስለዚህ ቁጥር 10 ወይም 12 የሆነ መንጠቆ፣ የአተር ፍሬ የምታህል የስንዴ ሊጥ፣ ወይም የትል ቁራጭ ይበቃዋል። ሊጡ ጠንከር ብሎ ይቦካል፤ ከላላ ውሃው ያጥበዋል። ከቡሽ የተሠራች ትንሽ ተንሳፋፊ ክሩ ላይ ትታሰርና ማባበያው ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ እንዲንጠለጠል ይደረጋል። ተንሳፋፊዋ ስትርገበገብ መሳብ አያስፈልግም፤ ወደ ጎን መሄድ ስትጀምር ክርን ቀጥ ማድረግ ይበቃል። ከቀርከሃ የተቆረጠ ዘንግ ለዚህ ሥራ ከውድ ዕቃ አያንስም።

ነጭ ዓሣ ሌላ ባሕርይ አለው። በሚፈስ ውሃ ውስጥ ፊቱን ወደ ላይ አዙሮ ቆሞ የሚወርድለትን ይጠብቃል። ትል፣ ፌንጣ፣ የተቀቀለ በቆሎ ይበላል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ክንፍ አውጥቶ የሚበርረው ምስጥ ደግሞ ለእሱ ድግስ ነው። ማባበያው ከድንጋዩ በላይ ተጥሎ በወራጁ እየተገፋ ወደ ዓሣው እንዲደርስ ይደረጋል። ክሩን የሚያከብደው እርሳስ የሚመረጠው ማባበያውን ወለል ላይ እንዳይቸክል፣ ግን ላይ ላዩንም እንዳይንሳፈፍ ታስቦ ነው። እርሳስ ከጠፋ ትንሽ የብረት ቡሎን ይሠራል።

ሰው ሠራሽ ማባበያ በጅማ ዙሪያ የሚጠቅመው በዋናነት ለነጭ ዓሣ ነው፤ ትልልቆቹ ትንንሽ ዓሣ ያሳድዳሉና። የሚሽከረከር ቅጠል ያለው ስፒነር ወይም የማንኪያ ቅርጽ ያለው ብረት በጠራ ውሃ፣ ማለዳና አመሻሽ ላይ ይሻላል። ትንሹ ይመረጣል። ከወንዙ አቅጣጫ ጋር እኩል ሳይሆን አግድም ይወረወርና ቅጠሉ መሽከርከሩ በእጅ እስኪሰማ ድረስ ብቻ በዝግታ ይሳባል። ቆሮሶን በብረት ለመያዝ መድከም ግን ጊዜ ማባከን ነው።

ለአምባዛ ጠንካራ ክርና ትልቅ መንጠቆ ተይዞ ማባበያው ወለል ላይ ይጣላል። የሚያድነው በአብዛኛው ማታ ነው።

ከውሃ ከወጣ በኋላ

የዓሣ ጣዕም የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ማሰሮ ውስጥ ሳይሆን ወንዙ ዳር ነው። ለምግብ የተያዘ ዓሣ በፀሐይ ላይ እየተንፈራገጠ እንዲሞት መተው ጭካኔም ነው፣ ሥጋውንም ያላላል። ከዓይኑ ከፍ ብሎ አናቱን በዱላ አንዴ አጥብቆ መምታት፣ ወዲያው ስንጥቡን ቆርጦ ደሙን በንጹሕ ውሃ ማፍሰስ፣ ከዚያም ሆዱን ከፍቶ አንጀቱን ማውጣት ነው። ሐሞቱ ከፈሰሰ ሥጋው ይመራልና ቢላው በጥልቀት አይገባም። በረዶ ከሌለ የእንሰት ቅጠል በዚህ አገር ሞልቷል፤ በውሃ የራሰ ኮባ ከታችም ከላይም ተደርጎበት፣ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቅርጫት የተቀመጠ ዓሣ ለጥቂት ሰዓት ይቆያል። የፕላስቲክ ከረጢት ግን ሙቀቱን አፍኖ ቶሎ ያበሰብሰዋል።

የሚለቀቅ ዓሣ በደረቅ እጅ አይነካም። ሰውነቱን የሸፈነው የሚያዳልጥ ልባስ ከበሽታ የሚጠብቀው ነው፤ ደረቅ እጅና አሸዋ ይገፉታል። እጅን አርሶ፣ ከተቻለ ዓሣውን ከውሃ ሳያወጡ፣ መንጠቆውን በፒንሳ ማውጣት ነው። መንጠቆው ወደ ጉሮሮ ከወረደ ክሩን አፉ አጠገብ ቆርጦ መልቀቅ ጎትቶ ከማውጣት ይሻላል። ሴት ቆሮሶ ዕንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። መረብ ውስጥ የገባች ቆሮሶ ጉንጯ ተነፍቶ ከታየ፣ ወይም ከአፏ እንደ ነጥብ ያሉ ጫጩቶች ከተፉ፣ ልጆቿ እንዳይበተኑ እዚያው ዳር ላይ በቀስታ ወደ ውሃው ትመለስ። አምባዛ ሲያዝ ከራሱ ኋላ ነው፤ በጎንና ጎን ክንፎቹ ላይ ያለው ጥርስ ያወጣ እሾህ እጅ ይቀድዳል።

አጥማጁም ራሱን መጠበቅ አለበት። ቦዬ ውስጥ ጉማሬ አለ፤ ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ የሚወጣበትን መንገድ ዘግቶ መቀመጥ ሕይወት ያስከፍላል። ቢልሃርዚያ በአካባቢው ስላለ ቀንድ አውጣ በሚበዛበት ዝግ ውሃ ውስጥ በባዶ እግር መቆም አይመከርም። በግድቡ ዙሪያ ወባም አለ፤ አመሻሽ ላይ የሚያጠምድ ሰው እጅጌው ረጅም ልብስ ይልበስ።

ገበያ ላይ ዓሣ የሚገዛ ሰው ስንጥቡን ከፍቶ ይይ፤ ቀይ ከሆነና ዓይኑ ካልጎደጎደ፣ ሥጋው በጣት ተጭኖ ሲለቀቅ ከተመለሰ ትኩስ ነው። በጾም ወራት ፈላጊው ስለሚበዛ ያደረ ዓሣ የሚቀርብበትም ጊዜ ያኔ ነው። በቆሮሶ ሥጋ ውስጥ አንዳንዴ ቢጫ ትንንሽ ትሎች ይታያሉ፤ ሙቀት ስለሚገድላቸው ጥሬውን መብላት ትቶ ፊሌቶው መሀሉ ነጭ ሆኖ በሹካ እስኪፈረካከስ ድረስ ማብሰል ይገባል።