«ዞሮ ዞሮ ከቤት»፦ ችካሉና ገመዱ

«ዞሮ ዞሮ ዋጋው መጨመሩ አይቀርም» ይላል ሰዉ ዛሬ። ምኑ ዞረ? ከየት ተነስቶ? አባባሉ ሙሉው «ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት» ነው። ትርጉሙን የማያውቅ የለም፤ የተረሳው አዟዟሩ ነው።

አንዳንዱ ነገሩን ከአውድማ ያመጣዋል። እኔ አልቀበለውም፤ እህል የሚያበራይ በሬ ይዞራል እንጂ የትም አይገባም። ለእኔ ምንጩ የጎጆ ቅየሳ ነው። ጎጃም ውስጥ ክብ ቤት ሲቀየስ መሀሉ ላይ ችካል ይተከላል፤ ገመድ ይገባበታል፤ ጫፉ ላይ ሹል እንጨት ይታሰራል። ገመዱን ወጥሮ እየጫረ የሚዞረው ሰው የመጀመሪያዋን ጭረት መልሶ ሲያገኛት የቤቱ ልክ ወጣ ማለት ነው።

ካላገኛትስ? ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ቋጠሮው ነው። ገመዱ ችካሉ ላይ ጠብቆ ከታሰረ እየተጠመጠመ ያጥራል፤ 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ችካል በአንድ ዙር 16 ሳንቲሜትር ያህል ይበላል። መስመሩም እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ወደ ውስጥ ይጠቀለላል። ስለዚህ ገመዱ በሰፊ ቀለበት ይጠለቅ፤ ወደ መሬት ዝቅ ብሎ ይወጠር። ጠፍር ከሆነ ደረቁ ይመረጥ፤ የረጠበ ይለጠጣል።

ዘጌ ላይ እንዳለው እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ባለ ክብ ቤተ ክርስቲያን መቅደሱ አራት ማዕዘን ነው። ግንቡ ከቆመ ገመድ መሀል ላይ ተክሎ ማዞር አይቻልምና፣ ክቦቹ ቀድመው ቢጫሩ ይሻላል።

ሞላላ ሲፈለግ ችካሉ ሁለት ይሆናል። ለ10 ክንድ ርዝመትና ለ6 ክንድ ስፋት ችካሎቹን 8 ክንድ አራርቆ መትከል፤ ዙሪያው 18 ክንድ የሆነ ገመድ፣ ቋጠሮው የሚወስደው ሳይቆጠር፣ ገጥሞ ሁለቱንም ማቀፍ። እንጨቱ ገመዱን ከውስጥ ወጥሮ ሲዞር ከሁለቱ ችካሎች ያለው ርቀት ተደምሮ ምንጊዜም 10 ክንድ ነው። ይሄም ዞሮ ቤቱ ይገባል።

ፓራቦላ የሚባለው አንድ ጎኑ ክፍት የሆነ ጎባጣ መስመር ግን ዞሮ ቤቱ አይገባም። ቀጥ ያለ መስመር አስምሮ ከእሱ 4 ክንድ ርቆ ችካል መትከል። ከመስመሩ 5 ክንድ ላይ፣ በችካሉ በኩል፣ ትይዩ መስመር ማስመር፤ ከችካሉ በ5 ክንድ ገመድ ያንኑ ትይዩ ግራና ቀኝ መቁረጥ። ከዚያ በ6፣ በ7 መድገም። በ2 ክንድ አንድ ነጥብ ብቻ ይገኛል፤ ከዚያ ካነሰ ገመዱ አይደርስም። ነጥቦቹ ሲያያዙ ሁለቱ ክንፎች እየተራራቁ ይሄዳሉ እንጂ አይገናኙም።

ስለ ዋጋ የሚያወራው ሰው የያዘው ይሄኛውን መስመር ነው። «መቼም» ይበል፣ «ያም ሆነ ይህ» ይበል፤ «ዞሮ ዞሮ»ን ግን ወደ ተነሳበት ለተመለሰ ነገር ይተውለት።